ክሪቶን፤ በሊቃውንት መካከል የተገኘ ተራ ሰው

ስለ ሶቅራጥስ አሟሟት የተጻፉትን የፕላቶን መጻሕፍት የሚያነብ ተማሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያስተያየው ከሶቅራጥስ ጋራ ነው። ይህ ቢበዛበት እንኳ፤ ነፍስ ትሞታለች ወይስ አትሞትም እያሉ እስከ መጨረሻይቱ ቀን ድረስ አጥብቀው ከሚከራከሩት ከሲሚያስና ከኬቤስ ጋራ ያስተያያል። ከክሪቶን ጋራ ራሱን የሚያስተያይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በክፍላችን እነዚህ መጻሕፍት ሲነበቡ፤ ክሪቶን አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር በተማሪዎች ፊት ላይ ፈገግታ ይታይ ነበር፤ እኔም ከፈገጉት አንዱ ነበርሁ። ስለ ነፍስ አለመሞት ሙሉ ቀን ሲነገር ከዋለ በኋላ፤ ብድግ ብሎ ስለ ቀብሩ ሥርዓት የሚጠይቅ ሰው እንዴት አያስቅም?

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ ያን ፈገግታ መመርመር ነው። ለማስረዳት የምሞክረውም ይህ ነው። ፕላቶን ክሪቶንን ደካማ ተከራካሪ አድርጎ መሣሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ፕላቶን ንግግሩን ሁሉ ለሌሎች ሰጥቶ፤ ሥራውን ለክሪቶን እንደ ሰጠው ልብ ያለው አንባቢ ጥቂት ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ከሶቅራጥስ ቀጥሎ ስለ ጽናት የምንማረው ከሊቃውንቱ ከአንዱ ሳይሆን፤ ክርክሩን በደንብ ካልተከተለው ከዚህ ሽማግሌ ነው።

ሶቅራጥስ ለአገራችን ንባብ እንግዳ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ፤ የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን ስም ለአባቶቻችን አድርሷል። ዳሩ ግን ያ መጽሐፍ የጠቢባንን ቃል የሚሰበስብ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይልቁንም የሚያስታውሰው በደንብ የተናገረውን ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አጠገብ የቆመውን አይደለም። እኛም የተማሪ ቤት ሰዎች እስከ ዛሬ በዚያው ሚዛን ስንመዝን እንኖራለን።

፩

ክሪቶን የአቴና ሰው ነው። ከሶቅራጥስ ጋራ በዕድሜ እኩያ ነው፤ የትውልድ ቀበሌያቸውም አሎፔኬ የምትባል አንዲት ስፍራ ናት። ሀብትና ልጆች አሉት፤ ክሪቶቡሎስ የሚባለው ልጁም ከሶቅራጥስ ወዳጆች አንዱ ነው። እንግዲህ ተራ ሰው ስንለው በኑሮው ድኻ ነበር ማለታችን አይደለም። ተራነቱ በአእምሮ ስጦታው ነው፤ ያውም ከማን ጋራ ሲተያይ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በሶቅራጥስ ዙሪያ ከነበሩት ውስጥ ፕላቶን አለ። ኋላ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት የሜጋራው ኤውክሊዴስና የኤሊሱ ፌዶን አሉ። አንቲስቴኔስ አለ፤ እንደ ፕላቶን የሶቅራጥስን ንግግር የጻፈው አይስኪኔስም አለ። እነዚህን በመሰሉ ሰዎች መካከል ተቀምጦ አእምሮው የማይደነግጥ ማን ነው?

ፕላቶን ኤውቲዴሞስ በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ክሪቶንን ያሳየናል። ሶቅራጥስ ትናንት ሉቅዮን በሚባለው ስፍራ ከማን ጋራ ይነጋገር እንደ ነበረ ክሪቶን ይጠይቀዋል። እርሱም በስፍራው ነበር፤ ነገር ግን የከበባቸው ሰው ብዙ ስለ ሆነ፤ ተጠግቶ አንገቱን አስግጎ ቢመለከትም የሚባለውን በደንብ ሊሰማ አልቻለም። ይህ ሥዕል በእኔ አስተያየት የክሪቶንን ሕይወት ጠቅልሎ የያዘ ነው። በሕዝቡ ኋላ ቆሞ ሊሰማ የሚጥር፤ ያልሰማውን ግን ሰማሁ የማይል፤ በማግሥቱም መጥቶ ያለ ዕፍረት የሚጠይቅ ሰው ነው። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፤ ሰውን በንግግር ጥበብ ከሚረቱት ይልቅ ከሚረቱበት ወገን መሆንን እንደሚመርጥ ይናገራል። ከሶቅራጥስ ጋራ በተገናኘ ጊዜ ሁሉ፤ ለልጆቹ ገንዘብና ጋብቻ ማሰቡን ትምህርታቸውን ግን መተዉን እንደ እብደት እንደሚቈጥረው ይገልጻል። እንዲህ የሚናገር ሰው ደንቆሮ አይደለም። ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ክሴኖፎንም አንድ ነገር ይጨምርልናል። ክሪቶን በጸጥታ መኖር የሚወድ ስለ ነበረ፤ ነገረ ሠሪዎች በሐሰት እየከሰሱ ያስቸግሩት ነበር። ሙግት ከሚገጥም ይልቅ ከፍሎ መገላገልን እንደሚመርጥ ዐውቀውበታል። ሶቅራጥስም አርኬዴሞስ የሚባል፤ ድኻ ነገር ግን አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እንዲወዳጅ መከረው፤ በዚህም ከከሳሾቹ ዐረፈ። በእኛ አገር «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ይባላል። ክሪቶን ያ አፍ ያልነበረው፤ አፍ ያለው ሰው ፈልጎ የሚጠጋ ሰው ነበረ ማለት ነው። ፍርድ ቤትን የሚፈራ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ፤ በኋላ ያስፈልገናልና።

በእርግጥ በሦስተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ግድም የነበረው ዲዮጌኔስ ላኤርቲዮስ፤ ክሪቶን 17 የንግግር ድርሰቶች እንደ ጻፈ ይናገራል። ይህ እውነት ቢሆን ተራ ሰው ማለታችን ይፈርሳል የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከድርሰቶቹ አንድም አልደረሰንም፤ ዲዮጌኔስም የጻፈው ከክሪቶን ዘመን ከ500 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ይልቅስ እርሱ ራሱ በቅድሚያ የሚናገርለት ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሶቅራጥስን እጅግ የሚወድ እንደ ነበረና ከሚያስፈልገው ነገር አንዳች እንዳይጐድልበት ይጠነቀቅ እንደ ነበረ ነው። በማናቸውም መንገድ፤ ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ፕላቶን የሣለውን ክሪቶን ነው።

፪

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ሶቅራጥስ በ70 ዓመቱ ተከሶ በአቴና ዳኞች ፊት ቆመ። ጥፋተኛ ነህ ከተባለ በኋላ የሚገባውን ቅጣት ራሱ እንዲያመለክት በተጠየቀ ጊዜ፤ በመጀመሪያ ከተማው ቀለብ ይስጠኝ አለ፤ ቀጥሎም አንዲት ምናን ብቻ ለመክፈል ቻለ። በመጨረሻ ግን ወዳጆቹ ዋስ እንሆናለን ስላሉት 30 ምናን እንዲሆን አመለከተ። ዋስ የሆኑትም ፕላቶን፤ ክሪቶን፤ ክሪቶቡሎስና አፖሎዶሮስ ናቸው። ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ ሞት ፈረዱበት።

የተቀደሰው መርከብ ወደ ዴሎስ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ በአቴና ሰው መግደል ክልክል ስለ ነበረ፤ ሶቅራጥስ አንድ ወር ያህል በወህኒ ቤት ቈየ። ክሪቶን የተባለው መጽሐፍ የሚጀምረው መርከቡ ሊደርስ በተቃረበበት ዕለት ሊነጋ ሲል ነው። ሶቅራጥስ ነቅቶ ቢያይ ክሪቶን አጠገቡ ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ በመመላለሱ ከዘበኛው ጋራ ተላምዷል፤ ውለታም ውሎለታል፤ በዚህም ያለ ሰዓቱ ገብቷል። ከገባም ቈይቷል፤ ነገር ግን ሶቅራጥስ በደስታ ተኝቶ ስላየው ሊቀሰቅሰው አልወደደም። የያዘው ወሬ የሞት ወሬ ነው፤ የያዘው አሳብም ጊዜ የማይሰጥ ነው፤ ሆኖም ተቀምጦ ይጠብቃል። ፕላቶን ይህን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፈዋል። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ብልጫ ያለው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የክሪቶን ክርክር ደካማ መሆኑን መካድ አይቻልም። በመጀመሪያ የሚያነሣው የሰውን አፍ ነው፤ ገንዘብ ሳይጐድለን ወዳጃችንን ሳናድን ቀረን ይሉናል ይላል። ቀጥሎ ስለ ወጪው እንዳያስብ ይነግረዋል፤ የእርሱ ገንዘብ ቢከብደው እንኳ የቴቤው ሲሚያስ ለዚሁ ጉዳይ በቂ ገንዘብ ይዞ መጥቷል፤ ኬቤስም ዝግጁ ነው፤ በቴሳሊያም የሚቀበሉት ሰዎች አሉ። በመጨረሻም ልጆችህን ለማን ትተዋለህ ይለዋል። እነዚህ ምክንያቶች የተሰናዱ አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ናቸው። ሶቅራጥስ ሁሉንም አንድ በአንድ ለይቶ ያፈርሳቸዋል፤ የሕግጋትንም ድምፅ አስመስሎ በመናገር፤ ክፉን በክፉ መመለስ እንደማይገባ ያስረዳል። ክሪቶንም በመጨረሻ የምለው የለኝም ብሎ ዝም ይላል። በክፍላችን ስንስቅ የነበረው በዚህ ነው።

ዳሩ ግን በዚህ ንግግር መካከል የታለፈ አንድ ነገር አለ። ክሪቶን፤ ምናልባት አንተ ካመለጥህ ነገረ ሠሪዎች ከስሰውን ሀብታችንን እንዳንወረስ ፈርተህ ይሆን? ብሎ የሶቅራጥስን አሳብ ይፈትናል። ሶቅራጥስ አይደለም አይልም። ይህንም፤ ሌላም ብዙ ነገር እንደሚያስብ ይመልሳል። ከላይ እንዳየነው ክሪቶን ከሙግት ለመሸሽ ገንዘብ ሲከፍል የኖረ ነው፤ አሁን ግን የሚፈራውን በስሙ ጠርቶ፤ ወደዚያው ወደሚፈራው ነገር ሊገባ ተነሥቷል።

አደጋው ደግሞ ከምናስበው በላይ ነው። ፌዶን በተባለው መጽሐፍ መጨረሻ ግድም ሶቅራጥስ በቀልድ አስመስሎ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ክሪቶን በዳኞች ፊት፤ ሶቅራጥስ ሳይሸሽ ይቈያል ብሎ ዋስ ሆኖ ነበር። ይህን ቃል ከወህኒው ንግግር ጋራ ስናገናኘው ነገሩ ይከብዳል። ዋስ መሆን ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የዋሰው ሰው ከጠፋበት፤ ዋሱ በገንዘቡም በክብሩም ይያዛል። እንግዲህ ያን ሌሊት ክሪቶን በወዳጁ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ራሱ የገባውን ዋስትና ራሱ ሊያፈርስ ነው። ሶቅራጥስ እሺ ቢል ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ክሪቶን ነበር። ይህን ግን ከምክንያቶቹ መካከል አንድ ጊዜም አላነሣውም።

ይህም ሆኖ፤ የክሪቶን ጀግንነት እዚህ ላይ ነው ብዬ አልደመድምም። ያሰበው ነገር በዘበኛ ውለታና በገንዘብ ኃይል ሕግን መሻር ነው፤ ሶቅራጥስም ስሕተት መሆኑን አሳይቶታል። ለወዳጅ ሲሉ መድፈር ድፍረት ነው፤ ነገር ግን ድፍረት ሁሉ ጽናት አይደለም። በአማርኛችን «ደፋር» የሚለው ቃል ለምስጋናም ለስድብም ማገልገሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የክሪቶንን ጽናት ለማየት ወደ መጨረሻው ቀን መሻገር አለብን።

፫

ከመሻገራችን በፊት ግን ፕላቶን ራሱ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል እንጠይቅ። ላኬስ በተባለው መጽሐፉ ሁለት የጦር አለቆች፤ ላኬስና ኒቅያስ፤ ጀግንነት ምን እንደ ሆነ ከሶቅራጥስ ጋራ ይመረምራሉ። ግሪኮች ለዚህ ነገር የሚጠሩበት ቃል ወንድ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ በእኛም ቋንቋ «ወንድነት» እንደምንለው ማለት ነው። ላኬስ በመጀመሪያ፤ ጀግና ማለት በጠላት ፊት ስፍራውን ሳይለቅ የሚቆም ነው ይላል። ሶቅራጥስ ግን በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በበሽታ፤ በድህነትና በባሕር ላይ አደጋም ጀግኖች እንዳሉ ያሳስበዋል። ላኬስ ቀጥሎ ጀግንነት የነፍስ ትዕግሥት ነው ይላል፤ ሶቅራጥስም ማስተዋል የሌለበት ትዕግሥት እንዴት መልካም ይሆናል ብሎ ይመልስለታል። ኒቅያስ በበኩሉ፤ ጀግንነት የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን ለይቶ ማወቅ ነው ይላል፤ ይህም በክርክሩ ይፈርሳል። መጽሐፉ ያለ መደምደሚያ ያልቃል።

ሶቅራጥስ ራሱ የኒቅያስን ትርጓሜ የሚመስል ሰው ነው። ሞትን የማይፈራው ሞት ክፉ እንዳልሆነ በአሳቡ ስለ ደረሰበት ነው። ላኬስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት በዴሊዮን በተደረገው ሽሽት ጊዜ፤ ሶቅራጥስ እንዴት ያለ ድንጋጤ እንዳፈገፈገ ይመሰክርለታል። እንዲህ ያለው ጀግንነት ታላቅ ነው፤ ግን እንደ ታላቅ ዕውቀት ሁሉ ለጥቂቶች የተሰጠ ነው። እንግዲህ ያ ዕውቀት የሌለው፤ ክርክሩን እስከ መጨረሻው ያልተከተለ፤ ነፍስ እንደማትሞት በአእምሮው ያልተረዳለት ሰው ምን ያድርግ? የሞትን ክፋት እያመነ በሞት ፊት እንዴት ይቆማል? የፌዶን መጽሐፍ በግልጥ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከበስተኋላ ግን ይህንም ይጠይቃል። መልሱ የተሰጠው በቃል አይደለም፤ በክሪቶን ነው።

፬

ፌዶን በሚባለው መጽሐፍ አንባቢ ዓይኑን ከክርክሩ ላይ አንሥቶ ክሪቶንን ብቻ ቢከተል፤ እንዲህ ያያል።

ገና ከማለዳው ሚስቲቱ ክሳንቲፔ በልቅሶ ስትጮኽ፤ ወደ ቤት የሚያደርሷት የክሪቶን ሰዎች ናቸው። ክርክሩ ሲጀመር፤ መርዙን የሚያዘጋጀው ሰው፤ ንግግር ሰውነትን ስለሚያሞቅ ሶቅራጥስ ብዙ እንዳይናገር አስጠንቅቅልኝ እያለ ቆይቶ የሚጨቀጭቀው ክሪቶንን ነው። ክሪቶን መልእክቱን ያደርሳል። ሶቅራጥስ፤ አስፈላጊ ከሆነ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ያዘጋጅ ብሎ ሲመልስ፤ ክሪቶን እንዲህ እንደምትል ዐውቄው ነበር ይላል። መልሱን እያወቀ መልእክቱን ማድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሎቹ ከሶቅራጥስ ጋራ ስለ ነፍስ ይነጋገሩ ዘንድ፤ ከወህኒ ቤት ሠራተኛ ጋራ የሚነጋገር አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ክርክሩ ሲያበቃ ክሪቶን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ስለ ልጆቹ የሚያዝዘው ነገር እንዳለና እንዴት እንዲቀብሩት ነው። እዚህ ላይ ሶቅራጥስ ፈገግ ይላል፤ ክሪቶን የሚናገረውን ሶቅራጥስና በኋላ የሚታየውን ሬሳ አንድ አድርጎ እንደሚያይ ለሌሎቹ ይነግራቸዋል። እኛም ፈገግ ያልነው ሶቅራጥስን ተከትለን ነው። ነገር ግን ያ ሬሳ በእውነት መቀበር ነበረበት። በክርክር የረቱት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ አልጠየቁም። በወንጌልም እንደምናነበው፤ የክርስቶስን ሥጋ ከጲላጦስ ለምኖ ያወረደው ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሳይሆን የአርማትያሱ ዮሴፍ ነው። ሬሳ መገነዝ ያለበት መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በየዘመኑ ጥቂት ነው፤ ያለ እርሱ ግን አይሆንም።

ከዚያም ሶቅራጥስ ሴቶች ሬሳውን ለማጠብ እንዳይቸገሩ ሊታጠብ ይሄዳል። ሌሎቹ እንዲቈዩ ሲታዘዙ፤ ተከትሎት የሚሄደው ክሪቶን ነው። ከልጆቹና ከቤተ ሰቦቹ ሴቶች ጋራ የሚሰናበተውም ክሪቶን ባለበት ነው። በዚያ ምን እንደ ተነጋገሩ መጽሐፉ አይነግረንም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሶቅራጥስ መርዙ ይምጣ ይላል። ክሪቶን፤ ፀሐይ ገና በተራሮቹ ላይ ናት፤ ሌሎች እኮ ከታዘዙ በኋላ በልተው ጠጥተው ዘግይተው ነው የሚጠጡት፤ አትቸኵል ብሎ ይለምነዋል። ይህ የመጨረሻው ልመናው ነው። ሶቅራጥስ ግን ጥቂት ሰዓት በመዘግየት የማተርፈው ነገር የለም ይለዋል። በዚህ ጊዜ ክሪቶን አጠገቡ ለቆመው ብላቴና በራሱ ይጠቅሰዋል፤ ብላቴናው ወጥቶ መርዙን የሚሰጠውን ሰው ይዞት ይመጣል።

አንባቢ በዚህ ስፍራ ቆም እንዲል እለምናለሁ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት በንጋት ወዳጁን ሊያድን የመጣው ሰው፤ አሁን መርዙ እንዲመጣ ምልክት የሚሰጠው እርሱ ነው። በመካከሉ አሳቡን የሚለውጥ አዲስ ክርክር አልሰማም፤ ሰምቶም ከሆነ እንዳልገባው ሶቅራጥስ ራሱ ተናግሯል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወዳጁ ምን እንደሚፈልግ ዐውቋል፤ የወዳጁንም ፈቃድ ከራሱ ፈቃድ አስበልጧል። ሶቅራጥስ በላኬስ ላይ ያነሣው ተቃውሞ፤ ማስተዋል የሌለበት ትዕግሥት ከንቱ ነው የሚል ነበር። ለክሪቶን ግን ይህች አንዲት ማስተዋል በቂ ሆነችው።

ሶቅራጥስ ጠጣ። ፌዶን እንደሚተርከው፤ ሁሉም እንባቸውን መግታት አቃታቸው፤ ከፌዶንም በፊት ክሪቶን እንባውን መቈጣጠር ስላልቻለ ተነሥቶ ከስፍራው ሄደ። አፖሎዶሮስም በጩኸት አለቀሰ። ሶቅራጥስ፤ ሴቶቹን ያሰናበትሁት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይሆን ነው ብሎ ገሠጻቸው። እነርሱም ዐፍረው ዝም አሉ።

ላኬስ እንዳለው ጀግና ማለት ስፍራውን የማይለቅ ከሆነ፤ ክሪቶን በዚህች ደቂቃ ጀግና አይደለም፤ ስፍራውን ለቋልና። ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ፤ ሶቅራጥስ ፊቱን ገልጦ የመጨረሻውን ቃል ሲናገር፤ የሚጠራው ክሪቶንን ነው፤ ለአስክሊፒዮስ የሚገባውን አንድ አውራ ዶሮ እንዲከፍልና እንዳይረሳ ያዝዘዋል። ክሪቶንም እንደሚፈጽም ይመልሳል፤ ሌላ የምትለው ነገር አለ ወይ ብሎም ይጠይቃል። መልስ የለም። ከዚያ በኋላ የሟቹን አፍና ዓይን የሚከድነው ክሪቶን ነው።

እንግዲህ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። መቼ እንደ ተመለሰ፤ እንዴት እንደ ተመለሰ፤ ማን እንዳጽናናው መጽሐፉ አንድ ቃል አይናገርም። መውጣቱ ተጽፏል፤ መመለሱ አልተጻፈም። ፕላቶን ይህን የረሳ አይመስለኝም፤ የወንበሩንና የእግሩን ሰንሰለት ሳይቀር የሚያስታውስ ደራሲ ነውና። መመለሱን ያልጻፈው ክሪቶን ሊመለስ እንደማይችል የሚጠረጥር ስለማይኖር ይመስለኛል። የዚህ ተራ ሰው ጀግንነት ያለው፤ በእኔ አስተያየት፤ በዚህ ባልተጻፈው መመለስ ውስጥ ነው። አለመፍራት አልቻለም፤ አለማልቀስም አልቻለም፤ ስፍራውን አለመልቀቅም አልቻለም። መመለስ ግን ቻለ።

፭

በዚህ አተረጓጐም ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል።

አንደኛው፤ ክሪቶንና ፌዶን በአንድ ጊዜ የተጻፉ አይደሉም፤ ክሪቶን ከመጀመሪያዎቹ፤ ፌዶን ግን ከዚያ ኋላ ከተጻፉት እንደ ሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ስለዚህ የአንድን ሰው ለውጥ በሁለቱ መካከል መፈለግ አይገባም የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ ፕላቶን ልብ ወለድ አልጻፈም። ነገር ግን በሁለቱም መጻሕፍት የክሪቶን ጠባይ አንድ ዓይነት መሆኑ፤ የዋስትናውም ነገር ከፌዶን ወደ ኋላ ተመልሶ ክሪቶንን ማብራቱ፤ ደራሲው ይህን ሰው በልቡ ይዞት እንደ ኖረ ያሳያል።

ሁለተኛው፤ ክሪቶን ለሶቅራጥስ ክርክር ማሳመሪያ ብቻ የተቀመጠ ነው የሚል ነው። ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባለቀ ጊዜ ሥራው ባለቀ ነበር። እርሱ ግን በእውነት ሥራ የሚጀምረው ክርክሩ ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሊቃውንቱንስ በዚህ መንገድ ማሳነስ ይገባልን? ሲሚያስና ኬቤስ ሶቅራጥስን በመጨረሻ ሰዓቱ የሚወደውን ነገር፤ ይኸውም እውነተኛ ክርክርን፤ ሰጥተውታል፤ ክሪቶን ይህን ሊሰጠው አይችልም ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ስለ ወዳጅነት ሲነገር፤ የሚከራከርህ ወዳጅና ዓይንህን የሚከድንልህ ወዳጅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኔ የምቃወመው አንደኛውን ብቻ ወዳጅ፤ ሌላውን ግን አጃቢ ብሎ መቍጠርን ነው።

ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ፕላቶን ራሱ ነው። በዚያ ቀን በወህኒ ቤቱ የነበሩትን ሰዎች ስም ፌዶን ሲዘረዝር፤ ፕላቶን ታሞ ነበር መሰለኝ ብሎ ያልፋል። ፕላቶን በመጻሕፍቱ ሁሉ ውስጥ የራሱን ስም የሚያነሣው በጣም በጥቂት ስፍራ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ አለመኖሩን ለመናገር መሆኑ ያስደንቃል። የታመመ ሰው አይወቀስም፤ እኔም አልወቅሰውም። ነገር ግን ከወዳጆቹ ሁሉ በስጦታ የሚበልጠው ሰው፤ በዚያች ሰዓት አልነበርሁም ብሎ በራሱ እጅ ጽፏል፤ ዓይኑን የከደነው ክሪቶን እንደ ሆነም በዚያው እጅ ጽፏል። ስለዚህ ክሪቶንን የናቀው ፕላቶን ነው ለማለት አልደፍርም። የናቅነው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

፮

ይህን ጽሑፍ ስጀምር፤ ራሱን ከክሪቶን ጋራ የሚያስተያይ ተማሪ አላጋጠመኝም ብዬ ነበር። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ወደ ትምህርት የመጣን ሁሉ በየመንደራችንና በየትምህርት ቤታችን አንደኛ ስንባል ቈይተን ነው የመጣነው፤ እዚህ ስንገናኝ ግን ሁላችን አንደኛ ልንሆን አንችልም። ከመካከላችን ጥቂቶቹ በእውነት ታላቅ ስጦታ ያላቸው ናቸው፤ በክርክር ጉባኤ ሲቆሙ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ሌሎቻችን ግን ከበስተኋላ ቆመን አንገታችንን እያሰገግን የምናዳምጥ ነን። ይህን ያወቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይ ያልገባውን ገባኝ እያለ የሊቁን አነጋገር ይቀዳል፤ ወይ ደግሞ ስጦታ የለኝም ብሎ ከነገሩ ሁሉ ይርቃል።

ክሪቶን ሁለቱንም አላደረገም። ያልሰማውን ሰማሁ አላለም፤ ስላልሰማም አልሄደም። ብዙ ዘመን ከማይመጣጠነው ወዳጅ አጠገብ ኖረ፤ በዚያ ወዳጅ ብርሃንም ብርሃን የያዘ መስሎት አልታበየም። ጽናቱንም ያገኘው ከሊቃውንቱ ተውሶ አይደለም፤ ከሊቃውንቱ አንዱም ያላሰበውን ትንሽ ትንሹን ሥራ ሲሠራ አገኘው እንጂ። አንዲት አገር ሶቅራጥስን ባገኘች ጊዜ ታላቅ ዕድል አገኘች ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ዋስ የሚሆን፤ ሌሊት መጥቶ ሳይቀሰቅስ የሚጠብቅ፤ ወጥቶ አልቅሶ የሚመለስ ሰው የሌላት አገር፤ ሶቅራጥስን ብታገኝም ሬሳውን የሚያነሣ አታገኝለትም።

ስለ አውራ ዶሮው ትርጉም፤ ሶቅራጥስ ለምን በዚያች ሰዓት የመድኃኒትን አምላክ እንዳሰበ፤ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ ገናም ይጽፋሉ። ክሪቶን ትርጉሙን አልጠየቀም። ዕዳውን ከፍሎ እንደ ሆነም ፕላቶን አልነገረንም። እንደ ከፈለ የሚጠራጠር አንባቢ ግን ያለ አይመስለኝም።